የሰርግ ቪዲዮ በግል ለምትሠሩ፦ ከቀብድ እስከ ርክክብ

ሰርግ ሁለተኛ አይቀረጽም። ማስታወቂያ ቢበላሽ ተዋናዩ ተመልሶ ይመጣል፤ የድርጅት ቃለ መጠይቅ ቢጠፋ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል። አባት ልጃቸውን መርቀው ሲሸኙ ካሜራው ባትሪ ጨርሶ ከነበረ ግን «አባባ፣ እንደገና ይመርቁልን» የሚል ደፋር የለም። በአዲስ አበባ በግላቸው ከሚሠሩ ካሜራማኖችና ኤዲተሮች ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚጀምሩት በሰርግ ነው። ሥራው የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በምስል ጥራት ሳይሆን በውል፣ በድምፅና በፋይል አያያዝ ነው። ስለዚህ ስለ ውብ ምስል ጥቂት፣ ስለ እነዚህ ሦስቱ ብዙ እላለሁ።

1. ቀኑን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ

«ሙሉ ሰርግ ስንት ነው?» ለሚል የስልክ ጥያቄ ዋጋ አትናገሩ። «ሙሉ ሰርግ» ለአንዱ ቤተሰብ የሰርጉ ቀን ብቻ ነው፤ ለሌላው ሽምግልናውን፣ ጥሎሹን፣ መልሱንና ቅልቅሉን ይጨምራል። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ የቀረጻ ቀን ነው። መልሱ ከከተማ ውጭ ከሆነ ደግሞ መጓጓዣና አዳር አለው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ የትኞቹ ቀናት ይቀረጻሉ? ሙሽራው ከየት ይነሣል፣ ሙሽሪት ከየት ትወጣለች፣ የፎቶ ፕሮግራሙ የት ነው፣ አዳራሹስ? ሥርዓቱ ተክሊል ነው፣ ኒካህ ነው፣ ወይስ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርሞ ወደ አዳራሽ መሄድ? ከፋዩ ማን ነው? ሥራውን አይቶ «ተቀብያለሁ» የሚለውስ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በውጭ አገር የሚኖር ወንድም፣ የሚያዝዘው ሙሽራው፣ የሚያርመው ደግሞ የሙሽሪት እናትና እህቶች ናቸው። በውሉ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ፤ ማስተካከያ የሚመጣውም በእሱ ወይም በእሷ በኩል ብቻ ይሁን።

የወቅቱንም ነገር አስቡ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ፣ ቀጥሎም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቅዳሜና እሑድ ይጣበባሉ። 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ለኤዲቲንግ የተሰጡ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፣ የተከማቸው ፋይል ግን አለ። የርክክብ ቀን ስትቆርጡ ይህንን ተመልከቱ። የጥር መጨረሻ ሰርግ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብሎ ቃል መግባት ራስን መዋሸት ነው፤ ከእሱ በፊት የተቀረጹት ወረፋ ይዘዋል።

2. ውሉን በአንድ ገጽ ጻፉ

ጠበቃ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ያለ ውል የሚሠራ ሰው ግን በሰርጉ ማግስት ከዘመድ ጋር እንጂ ከደንበኛ ጋር አይነጋገርም። የሚቀረጹት ቀናትና ሰዓታት፣ የካሜራና የሰው ብዛት፣ የሚረከቡት ነገር፣ ዋጋውና አከፋፈሉ፣ የማስተካከያው ብዛት፣ ፋይሉ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ይጻፍበት።

ስለ ቀብድ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ሲተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሁለተኛውን ክፍል በደንብ አንብቡት፤ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ሰርግ በዚያው ቀን ቢመጣ የመጀመሪያውን መተው ርካሽ አይደለም። የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ ግማሹ ቀኑ ሲያዝ፣ ሩቡ ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት፣ ቀሪው ሩብ የመጨረሻው ፊልም ከመረከቡ በፊት። በሰርጉ ቀን ገንዘብ መጠየቅ አያምርም፤ የሚከፍለውም ሰው በዚያ ቀን ራሱን አያውቅም።

ቀንና ሰዓት ሲጻፍ አንድ ነገር አትርሱ። ከፋዩ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ከሆነ «በ2 ሰዓት» የሚለው ለእናንተ ጠዋት፣ ለእሱ ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጨርሱት። የርክክቡንም ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉ።

ማስተካከያው ሁለት ዙር ይሁን፤ ከዚያ በላይ በቀን ሒሳብ ይከፈላል። ያልተቀናበረውን ጥሬ ቀረጻ ይፈልጉ እንደሆነም አሁኑኑ ጠይቁ። መስጠት ክፉ አይደለም፤ ግን ዲስኩን እነሱ ይግዙ፣ ለቅጂው ሥራም ዋጋ ይኑረው። በቲክቶክ ወይም በዩቲዩብ ገጻችሁ ላይ ለማሳየት የምትፈልጉ ከሆነ ፈቃዱ በዚሁ ገጽ ላይ በፊርማ ይስፈር። «ዝም ብለዋል» ፈቃድ አይደለም።

3. ዋጋውን ከታች ወደ ላይ አስሉ

«እገሌ በስንት ይሠራል?» ብሎ ከዚያ ትንሽ መቀነስ የብዙ ጀማሪ ስሌት ነው፤ በዚህ መንገድ የሚሞላው የሰው ኪስ ነው። የቀረጻ ቀናቱን ቁጠሩ። የኤዲቲንግ ቀናቱን ጨምሩ፤ አንድ የሰርግ ቀን ቢያንስ ሳምንት ሙሉ መቀመጥ ይጠይቃል። የረዳቱን የቀን ክፍያ፣ የካሜራና የሌንስ ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱን፣ ዲስኩን፣ ግብሩን አስገቡ። ዲስክ የሚረሳ ወጪ ስለሆነ በቁጥር ላሳየው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት ወደ 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ቢቀርጹ 450 ጊጋባይት ነው። በሦስት ቅጂ ሲቀመጥ አንድ ነጥብ ሦስት ቴራባይት አለፈ ማለት ነው፤ ይህ የአንድ ሰርግ ነው።

ድርጅቶችና ሆቴሎችም ሥራ ይሰጣሉ። እነሱ ዘንድ ግን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለ በር አይከፈትም፤ ከክፍያው ላይም ግብር ቀንሰው ያስቀራሉ። ዋጋ ስትሰጡ «ከግብር በፊት» ወይም «ግብርን ጨምሮ» የሚለውን ጻፉ።

4. ዕቃውን አዘጋጁ፣ አዳራሹንም ቀድማችሁ እዩ

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ ቀስ ብሎ የሚታይ ምስል ስትፈልጉ 50 ፍሬምና 1/100። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ካሜራ ብዙ ጊዜ በ30 እና በ60 ፍሬም ተስተካክሎ ስለሚመጣ፣ በአዳራሽ መብራት ሥር ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሲሄድበት ታያላችሁ። ከምናሌው ውስጥ ፓል (PAL፣ የ50 ኸርዝ አገሮች ሥርዓት) የሚለውን መምረጥ ይበቃል። አንዳንድ የአዳራሽ ኤልኢዲ መብራት ግን በራሱ ፍጥነት ይርገበገባል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ አዳራሹ ድረስ ሄዶ መብራቱን አስበርቶ ግማሽ ደቂቃ መቅረጽና በትልቅ ስክሪን ማየት ነው። እዚያው ሶኬቱ የት እንዳለ፣ የድምፅ ባለሙያው የት እንደሚቀመጥ፣ ሙሽሮቹ በየትኛው በር እንደሚገቡ ተመልከቱ።

የሁሉንም ካሜራ ቀንና ሰዓት አንድ አድርጉ። ኋላ ላይ ቀረጻዎቹን ለማሰለፍ የሚያደርገውን እገዛ የሚያውቀው አራት መቶ ፋይል የከፈተ ሰው ብቻ ነው። የካሜራው ሰዓት 14:00 ሲል ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን ለረዳታችሁም ንገሩት፤ ማስታወሻ ሲይዝ በአንዱ አቆጣጠር ይያዝ። ሁለት ሚሞሪ የሚይዝ ካሜራ ካላችሁ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲቀርጽ አድርጉት። የቆዩ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸው ያቆማሉ፤ የሽማግሌ ምርቃት ከመጀመሩ በፊት አጥፍታችሁ አብሩ።

ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሡ። አዲስ አበባ ላይ «ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጌ» የሚባል ነገር የለም፤ ዕቃው ይያዛል፣ ሰርጉም ይታወካል።

5. በዕለቱ የት እንደምትቆሙ

ሁለት ካሜራ ካለ አንዱ ከሙሽራው ጋር፣ አንዱ ከሙሽሪት ቤት ይጀምር። የሰርገኛው መኪና ከመድረሱ በፊት ከሙሽራው ጋር ያለው ካሜራማን ቀድሞ ይውረድ። «አናስገባም ሰርገኛ» ሲዘፈን ሙሽራው በሚዜዎቹ ታጅቦ በሩ ላይ ይቆማል፣ ዘፋኞቹ ፊቱን ይዘጋሉ፣ ከኋላ ደግሞ ሰው ይገፋል። ከሰርገኛው ኋላ የቆመ ካሜራ የሚያገኘው የሰው ጀርባ ነው። ከበሩ ውስጥ፣ ከዘፋኞቹ ጎን፣ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁሙ፤ የሙሽራውን ፊት፣ የሚዜዎቹን ክርክርና የሴቶቹን እጅ በአንድ ምስል ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ካሜራ በዚያ ሰዓት ወደ በሩ አይሩጥ። እሱ የተቀመጠችውን ሙሽሪት ይያዝ፤ ዘፈኑን ከውስጥ ሆና ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር ከእሱ ሌላ የሚይዝ የለም።

ጉልበት ሲሳም ካሜራው ዝቅ ይበል። ሙሽሮቹን ከላይ የሚያሳይ ምስል ጀርባቸውን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ የሚፈለገው የወላጅ ፊት ነው፣ እሱም ለጥቂት ሰከንድ ነው።

የብርሃን ነገር ሲነሣ ያገራችን ሰርግ የራሱ ፈተና አለው፦ ነጭ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ከጠይም ፊት ጋር። ካሜራው በራሱ ሲለካ ወይ ነጩ ይነጣና ጥበቡ ይጠፋል፣ ወይ ፊቱ ይጨልማል። የዜብራ ምልክቱን (በጣም የበራውን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን) 95 ላይ አድርጉና ጥበቡ የተሠራበት ቦታ እንዳይነካ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ፊቱን ደግሞ በትንሽ መብራት ከጎን አግዙት። የነጣ ልብስ በኤዲቲንግ አይመለስም።

የእምነት ቦታ የራሱ ሥርዓት አለው። ተክሊል ከቅዳሴ ጋር በማለዳ ስለሚፈጸም ከቀናት በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግሩ፦ እስከ የት መግባት ይቻላል? መብራትስ ይፈቀዳል? ጫማ ይወልቃል፤ መቅደሱ አይደፈርም፤ ፍላሽ አይታሰብም። በሙስሊም ሰርግ የሴቶቹ ክፍል ለብቻ ከሆነ የሚቀርጸው ሴት ባለሙያ ናት። ሴት ካሜራማን የምታውቁ ከሆነ ስልኳን ያዙ፤ ብዙ ሥራ እሷን በማጣት ይቀራል።

6. ድምፁን ለብቻው ያዙ

ጀማሪን ከባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሰው ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ምርቃት ግን አይታገሥም። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ቤተሰብ ፊልሙን ሲከፍት የሚፈልገው ኬክ መቁረጡን ሳይሆን የአያትን ድምፅ ነው፤ ምናልባት በዚያን ጊዜ አያት አይኖሩ ይሆናል።

ሦስት ምንጭ አዘጋጁ። የመጀመሪያው በሙሽራው ኮት ውስጥ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ነው። ከሙሽሪት ቀሚስ ይልቅ ኮቱን የመረጥነው ቀሚሱ ስለሚንኮሻኮሽና በቀን ሁለት ሦስቴ ስለሚቀየር ነው። ሁለተኛው ከአዳራሹ የድምፅ ማቀላቀያ በገመድ የሚቀበል መቅረጫ ነው፤ ባለሙያውን ቀደም ብላችሁ በአክብሮት አነጋግሩት፣ ትክክለኛውን ገመድም ይዛችሁ ሂዱ፣ የእሱን አትጠብቁ። ሦስተኛው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መቅረጫ ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁ ማይክ ቢሰጣቸውም ወደ ሆዳቸው ዝቅ ያደርጉታል፤ ስለዚህ መቅረጫውን ከፊታቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከአበባው ሥር አስቀምጡ። ድምፁ ከፍ ባለበት ሰዓት መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል (-12) አካባቢ ይጫወት፤ ዜሮ ከነካ ተሰነጠቀ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም። የጆሮ ማዳመጫ ያላደረገ ካሜራማን ድምፅ እየቀረጸ አይደለም፤ እየገመተ ነው።

7. ሳትተኙ ገልብጡ

ከሰርግ ስትመለሱ እኩለ ሌሊት ነው፣ እግር ይቆረጥማል፣ ነገ ደግሞ መልስ አለ። ቢሆንም ሚሞሪዎቹ ሳይገለበጡ አይታደርም። ፋይሉ በሁለት የተለያየ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ቅጂ በሌላ ቤት ይደር። በአንድ ቦርሳ ውስጥ ያሉ ሦስት ዲስኮች አንድ ቅጂ ናቸው፤ ሌባው ቦርሳውን እንጂ ዲስኩን አይመርጥም። ከገለበጣችሁ በኋላ የፋይሉን ብዛትና መጠን ከሚሞሪው ጋር አስተያዩ፣ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ክፈቱ። ሚሞሪው የሚጠረገው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በካሜራው ውስጥ ነው።

ሁለተኛ ካሜራማን ከቀጠራችሁ ክፍያውን በዕለቱ ስጡት፣ ቀረጻውንም በዕለቱ ተቀበሉት። ሁለቱ በአንድ ቀን ካልተለዋወጡ ኋላ ስልክ ማንሣት ይቸግራል።

8. ኤዲቲንጉ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ነጻው ቅጂ እስከ አልትራ ኤችዲ ድረስ ስለሚያወጣ ለሰርግ ይበቃል፤ ፕሪሚየር የለመደ በፕሪሚየር ይቀጥል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) ሥሩ፤ ሌሊቱን ይሥራላችሁ፣ በማግስቱ ሥራው ይቀላችኋል። ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አዝዙት፣ መብራት ሲሄድ የሚያሻግር ዩፒኤስም ይኑራችሁ። ረጅሙን ፊልም በአንድ ፋይል ሳይሆን በክፍል በክፍል ኤክስፖርት አድርጉ፤ 90 በመቶ ላይ መብራት ሲጠፋ ምክንያቱን ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ድምፁን ከምስሉ ጋር አገጣጥሙ። ቀጥሎ ምርቃቱን፣ የበሩን ጨዋታና ጉልበት መሳሙን ቁረጡ፤ እነዚህ የፊልሙ ምሰሶ ናቸው፣ ሌላው በእነሱ ዙሪያ ይሰካል። ውብ የሆነውን የመናፈሻ ምስል መጀመሪያ ማስዋብ ያጓጓል፤ አትጀምሩት፣ ሦስት ቀን ይበላና ፊልሙ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሁለት ነገር ሥሩ፦ ለቤተሰቡ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚሆን ረጅም፣ ለስልክ ደግሞ አምስት ደቂቃ የማይሞላ አጭር። ረጅሙ ላይ የኤዲተር ጥበብ አታብዙ። ዘመድ ራሱን ይፈልጋል። ከሰርጉ በፊት ከቤተሰቡ የማይቀሩ ሰዎች ዝርዝር ተቀበሉ፤ ከገጠር የመጡት አክስት ካልታዩ ስንት ቀለም ብታስተካክሉ ዋጋ የለውም።

የስም ጽሑፍ ላይ ተጠንቀቁ። ኃይሉ በየትኛው «ኃ»፣ ፀሐይ በየትኛው «ፀ» እንደሚጻፍ ከጥሪ ካርዱ ላይ ተመልከቱ እንጂ በግምት አትጻፉ። ካርዱ በድሮው የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነ ቀድታችሁ ስትለጥፉት ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ይቀየራል፤ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት) እንደገና ተይቡት። ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት የፊደል ቅርጾች በአብዛኛው ፕሮግራም ላይ ሳይሰበሩ ይነበባሉ።

ሙዚቃ ደግሞ የሰው ንብረት ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ለንግድ መጠቀም አይቻልም፤ ዩቲዩብም ዘፈኑን በራሱ ለይቶ ድምፁን ሊያጠፋ ወይም ገቢውን ለባለቤቱ ሊሰጥ ይችላል። በይፋ ለሚለቀቀው አጭር ፊልም ፈቃዱ የተገዛ ሙዚቃ ተጠቀሙ። ከዚያም የሚበልጠው የዕለቱ የራሱ ድምፅ ነው፦ እልልታው፣ ከበሮው፣ የሴቶቹ ዘፈን።

9. ማሳየትና ማስረከብ

ለግምገማ የምትልኩት በጥራት ዝቅ ያለ፣ ስማችሁ መሃሉ ላይ የተጻፈበት ቅጂ ይሁን። አስተያየቱ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በጽሑፍ ከነደቂቃው ይምጣ፦ «በ23፡40 ላይ የአጎቴ ስም ተሳስቷል»። «ትንሽ ደስ አላለኝም» የሚል አስተያየት ከመጣ ደውሉና ደቂቃውን ጠይቁ። አብዛኛው ቅሬታ አንድ የጎደለ ሰው ወይም አንድ ያልተወደደ ዘፈን ነው።

ለቴሌቪዥን በፍላሽ ስታስረክቡ ኤች 264 በተባለው የቪዲዮ ፎርማት አውጡ፤ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ከአዲሶቹ ፎርማቶች ይልቅ የሚያነቡት እሱን ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚያውቁት ፋት 32 የተባለው አሠራር አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። የ90 ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢወጣ 6.75 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለሁለት ክፈሉት፣ እያንዳንዱ 3.4 ገደማ ይመጣል። ፍላሹን ከቤታችሁ ኮምፒውተር ሳይሆን ከቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ እስከ መጨረሻው ድረስ ሞክሩት። ውጭ አገር ላሉት ሊንክ ላኩ፤ ሊንኩ የሚዘጋበትን ቀንም ጻፉላቸው።

ሲረከቡ አጭር የርክክብ ጽሑፍ አስፈርሟቸው፦ ምን እንደተቀበሉ፣ ቀሪ ክፍያ እንደሌለ፣ ጥሬው ፋይል በእናንተ ዘንድ እስከ መቼ እንደሚቆይ። ስድስት ወር ጥሩ ነው። ጊዜው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መልእክት ላኩላቸውና «እንዲቀመጥላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ዲስክ ይዛችሁ ኑ» በሏቸው፤ መልስ ካልመጣ ቀኑ ሲደርስ አጥፉ፣ የላካችሁትን መልእክት ግን አታጥፉ።